ስልጣን ያበላሻል? መሪስ የግድ ነው? እኛ ወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ስልጣን ወሬ ከተነሳ እኛ ጋ ክርክሩ በረካ ድረስ አይቆይም፣ አቦሉ ላይ ነው የሚጦፈው። ሸዋበር ሻይ ቤትም ሆነ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚነሱት ጥያቄዎች ግን ሁሌ እነዛው ስለሆኑ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም፣ ፕሮፌሰርም አይደለሁም፣ ታሪክ ማንበብ የሚወድ የደሴ ልጅ ነኝ በቃ፣ ካልተስማማችሁ ተከራከሩኝ።

ስልጣን ነው ሰውን የሚያበላሸው ወይስ ቀድሞም የተበላሸው ነው ወንበሩን የሚፈልገው?

ሁለቱም አለ። ቀድሞውኑ ሌባ የሆነ ሰው ተሹሞ ቢሰርቅ ግን ምኑ ይገርማል፣ የሾመው ነው መጠየቅ ያለበት። የሚያስፈራው ጥሩ ሆኖ ገብቶ እዛው የሚበላሸው ነው፣ እሱን ቀድመህ ለይተህ ማስቀረት አትችልማ፣ ራሱም አያውቀውም።

ሰው ሁሉ የሚጠቅሳት የሎርድ አክተን አባባል አለች አይደል፣ ስልጣን ያበላሻል ፍጹም ስልጣን ደግሞ ፍጹም ያበላሻል ምናምን የምትለው። ሰውየው እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 በኋላ ጳጳስ ለሆነ አንድ ቄስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው ያላት። ለእኔ ግን ከአባባሏ ይልቅ የደብዳቤው ክርክር ይበልጥብኛል፣ የድሮ ነገሥታትና ጳጳሳት የሠሩትን በደል ትልቅ ሰው ስለሆኑ ብለን ቀለል አድርገን እንዳናይ፣ እንደውም ስልጣኑ በከበደ ቁጥር ጥርጣሬያችንም ይክበድ ነው የሚለው። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው፣ ዶሮ የሰረቀውን ሰፈሩ ሙሉ ይጮህበታል፣ መሬት የሸጠውን "ጋሼ ይግቡ" ብለን ወንበር እንለቅለታለን።

ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከወሎ ምሳሌ አለ?

ሞልቷል። መስከረም 21 የምንወጣባት ግሸን ድሮ የንጉሥ ልጆች እስር ቤት ነበረች። የነገሠው ሰው ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች ዙፋኑን እንዳይሹበት እላይ አምባው ላይ አስወጥቶ ያስጠብቃቸዋል፣ ጥፋታቸው ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ብቻ ነው። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ከዛ ወርዶ ነው እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሠው። እንግዲህ መታገት ምን እንደሆነ የቀመሰ ሰው ነው፣ የተማረ ነው፣ መጻሕፍት የጻፈ ንጉሥ ነው። ግን ወደ መጨረሻው በገዛ ልጆቹና በሚስቱ ላይ ሳይቀር ጥርጣሬ ገብቶት አስገረፋቸው፣ የበእደ ማርያም እናት ከዛ ግርፋት በኋላ ነው የሞተችው። እስር ቤት የነበረ ሰው ሲነግሥ እስር ቤት ያፈርሳል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይሄን ያንብብ።

መቅደላ ደግሞ አለች። ቴዎድሮስ በ1847 ሲነግሥ የመሳፍንቱን ሽኩቻ ያቆመ፣ የባሪያ ንግድ ይቅር ያለ፣ ወታደሩ ገበሬውን ዘርፎ ከሚበላ ደሞዝ ይከፈለው ያለ ሰው ነው፣ ዛሬም ቲሸርት ላይ ያለው ያለምክንያት አይደለም። ወሎ ግን ሌላውንም ፊቱን ታውቀዋለች። ዘመቻ በዘመቻ ላይ ነበር፣ የባላባት ልጆች መቅደላ ላይ መያዣ ተደርገው ታስረው ነበር፣ በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ የወሎዋ ገዥ ወርቂት አሳልፋ ወደ ሸዋ ስትሰደው ቴዎድሮስ እጁ ላይ የነበረውን ልጇን ገደለባት። ልጁ ምን አጠፋ? ምንም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ እንግሊዝ ሲመጣ ያን ሁሉ አገር አንድ ላድርግ ያለ ንጉሥ አጠገቡ የቀረው ትንሽ ታማኝ ሰውና መድፉ ነበር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ራሱን አጠፋ። ይሄን ስጽፍ የሚቆጣ እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ጀግና አይደለም አላልኩም፣ ጀግንነቱ ከዚህ አላዳነውም ነው ያልኩት።

ግን ምንድነው የሚሆነው? ሰውየው እኮ ትናንት ጎረቤታችን ነበር

መጀመሪያ የሚበላሸው ጆሮው ነው። ቀልዱ ባያስቅም ይሳቅለታል፣ ሃሳቡን ሳይጨርስ ይጨበጨብለታል፣ ስብሰባ ላይ ትንሽ የተቃወመው ሰው ሻይ ሰዓት ላይ ቀረብ ብሎ "እንደው ለውይይት ያህል ነው" ይለዋል። ከዛ መኪናው ይመጣል፣ መስታወቱ ይዘጋል፣ የታክሲ ሰልፍ ይረሳል፣ የዘይት ዋጋን በሪፖርት ነው የሚያውቀው። ክፉ ሆኖ እኮ አይደለም፣ ግን የሚሰማው ሁሉ ተጣርቶ ስለሚደርሰው ራሱን ከልኩ በላይ ማየት ይጀምራል፣ የሚቃወመው ሁሉ ደግሞ ወይ ምቀኛ ወይ ጠላት ይመስለዋል። የድሮዎቹ ይሄ ነገር ስለገባቸው ነው "እረኛ ምን አለ" እያሉ ያስጠይቁ የነበረው፣ እረኛ የሚያጣው ሹመት ስለሌለው ያየውን ይናገራል። አሁን እረኛውም ፌስቡክ ላይ ከተናገረ ይፈለጋል (ኧረ ተውት)።

የስታንፎርዱ የእስር ቤት ሙከራስ ለምትሉኝ፣ አዎ እ.ኤ.አ. በ1971 ተማሪዎችን ግማሹን ጠባቂ ግማሹን እስረኛ አድርገው ለ2 ሳምንት ያቀዱትን በ6 ቀን አቋረጡት፣ ጠባቂዎቹ ጨከኑ ተብሎ። እኔ ብዙም አልደገፍበትም፣ ምክንያቱም ጠባቂዎቹ ጠንከር እንዲሉ ከአጥኚዎቹ በኩል ግፊት እንደነበረ በኋላ ወጥቷል። እሱም ቢሆን ግን ደስ አይልም፣ ከላይ አይዞህ የሚል ካለ ተራ ተማሪም ይጨክናል ማለት ነው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚል ሕዝብ ምን አይነት መሪ ይጠብቃል?

ይቺን ተረት ሁሌ የሕዝቡ ጠባይ ማስረጃ አድርገው ያመጧታል፣ እኔ እንደዛ አላያትም። በዛ ዘመን ሹም ደሞዝ የለውም፣ ግዛት ይሰጠውና ከገበሬው ግብር እየበላ ይኖራል፣ ንጉሡ ደግሞ በፈለገው ጠዋት ተነስቶ ይሽረዋል። ታች ያለው ገበሬ ሊሾመውም ሊሽረውም አይችልም። እንግዲህ ነገ ይሻር አይሻር የማያውቅ፣ ለገበሬው መልስ የመስጠት ግዴታ የሌለበት ሰው ምን ያደርጋል፣ ቶሎ ቶሎ ይበላላ! ተረቷ የተናገረችው አሠራሩን ነው። ዛሬም ሹመት የሚመጣው ከላይ በስልክ እስከሆነ ድረስ ሰውየው የሚያየው ወደ ስልኩ ነው፣ ወደ እኛ ምን ያሳየዋል።

"ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ" የምትለውም ዝም ብላ ተረት አልነበረችም፣ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው፣ ክብሩ አይደፈርም፣ ስልጣኑም አከራካሪ አይደለም የሚል ሐሳብ በአንቀጽ ተቀምጦ ነበር።

መበላሸት ሲባል ያው ሙስና ነው አይደል?

ሙስናው ትንሹ ነው። ወሎ ላይ ስልጣን ያደረሰው ትልቁ ጉዳት ርሃቡ ነው፣ እሱን ደግሞ ኦዲተር አያገኘውም።

በ1964 ክረምትና በ1965 በልግ ዝናብ ቀረ፣ ዝናቡ መቅረቱ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን የአገሩ እህል አላለቀም ነበር። አማርትያ ሴን የሚባል ህንዳዊ ኢኮኖሚስት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ያገኘው፣ የወሎን ርሃብ አጥንቶ ያገኘው ነገር እስካሁን ያመኛል። በጠቅላላው አገር የነበረው ምግብ ያን ያህል አልወረደም። ደሴ ገበያ ላይ እንኳን የእህል ዋጋ በርሃብ ጊዜ እንደሚጠበቀው አልናረም፣ ለምን ቢባል ገበሬው ሰብሉም ከብቱም አልቆበት መግዣ ስላልነበረው፣ መግዣ የሌለው ሰው ደግሞ ገበያ ውስጥ አይቆጠርም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ሰው መንገድ ዳር ወድቆ እህል ከአገሩ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች ወሎ ወርደው ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላይ አሳይተዋል፣ ስለዚህ አልሰማንም አይባልም። መንግስት ግን ስሜ ይጠፋል ብሎ ማድበስበሱን መረጠ፣ ዓለም ነገሩን በደንብ ያወቀው በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። እኔ እንደሚገባኝ አንድ ክፉ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ "ይለቁ" ብሎ አልፈረመም። ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዛ ወደ ላይ ወሬው ሲወጣ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ መጥፎ ወሬ ይዞ የሄደ ሹም ይጠላላ። እላይ ሲደርስ "አንዳንድ አካባቢ የዝናብ እጥረት" ይሆናል። ይሄን አባባል የሆነ ቦታ የሰማችሁት መሰላችሁ?

ደርግ ደግሞ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 በቴሌቪዥን አሳየና በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። 10 ዓመት ቆጥራችሁ ኑ። 1977 ሲገባ ያው ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን (የራሱን ፓርቲ) ምስረታ በሰልፍና በመብራት ሲያከብር ኮረም ላይ (ያኔ ወሎ ውስጥ ነበር) ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር፣ አሁንም ዓለምን ያነቃው የውጭ ካሜራ ነው። ርሃብ ደበቅህ ብሎ ንጉሥ ያወረደ መንግስት እኮ ነው! ሰዎቹ ሌላ ናቸው፣ ርዕዮተ ዓለሙ ሌላ ነው፣ መጥፎ ወሬ ወደ ላይ የማይወጣበት ደረጃ ግን ያው ነው። ሴን በኋላ የደረሰበት ድምዳሜም እዚህ ላይ ነው፣ ነፃ ጋዜጣና መንግስት ሊሸነፍበት የሚችል ምርጫ ያለበት አገር ላይ ትልቅ ርሃብ አልታየም ይላል፣ መሪዎቹ ደግ ስለሆኑ ሳይሆን ዝም ካሉ ወንበሩን ስለሚያጡት።

ታዲያ መሪ የሚባል ነገር ጨርሶ ባይኖርስ?

ይሄን የሚጠይቅ ልጅ ሁሌ ይሳቅበታል፣ ግን የማይረባ ጥያቄ አይደለም። ንጉሥ ሳይኖራቸው ብዙ ሆነው የኖሩ ሕዝቦች አሉ፣ ኑዌሮች ነበሩ፣ ናይጄሪያ ብዙ የኢግቦ መንደሮች በሸንጎ ነበር የሚተዳደሩት፣ የሶማሌ አርብቶ አደር ሔር በሚባለው የጎሳ ሕጉ ዛሬም ይዳኛል።

ለምን ሩቅ እንሄዳለን ግን፣ ቅሬያችንን ተመልከቱ (ሌላው አገር እድር የሚለውን)። የቅሬ ዳኛው ፖሊስ የለውም፣ ደሞዝ የለውም፣ ግን ቀብር የቀረውን ይቀጣል፣ ሰውየውም እያጉረመረመ ይከፍላል። አበጋሮቹም እንደዛው ናቸው፣ ደም የተቃባ ሰው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ቁጭ አድርገው ያስታርቃሉ፣ በእጃቸው ያለው ምርቃትና እርግማን ነው። እነዚህ ሰዎች መሪ አይደሉም እንዳትሉኝ፣ ናቸው። ያለመሪ የሚኖር ማኅበረሰብ እኔ አላየሁም፣ ማንም ባይመረጥ እንኳን ድምፁ ጎላ ያለው ወይ ብር ያለው ሰው ሳይመረጥ ይመራል፣ እሱ ደግሞ ይብሳል፣ ያልተመረጠን ሰው በምን ታወርደዋለህ።

እንግዲህ የቅሬ ዳኛው ለምንድነው ብዙ ጊዜ የማይበላሸው? ከሌላው የተሻለ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። የገዛ እናቱን የሚቀብርለት ያው ቅሬ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ብር ሁሉም ያውቃል። ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር አንድ ትሪ ከቦ ይበላል፣ ያጠፋውን ፊት ለፊት ባይነግሩት በነገር ይወጉታል፣ ካልተስማማቸው በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ያደርጋሉ። አጃቢ የለውም። ሁሉም ቅሬ እንዲህ ነው አልልም፣ ሀብታሙ የሚጮህበት ሴቷ የማትሰማበት አለ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ዓመት የሚያልፍበትም አለ።

ጥሩ ከሆነ ለምን አገሩን በሙሉ በቅሬ አንመራውም?

አይበቃማ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ለሳምንታት ቢሮ ዝግ፣ ባንክ ዝግ፣ መብራት የለ ኔትወርክ የለ ነበር። ጎረቤት ያለውን ተካፈለ፣ የሞተውን ቀበረ፣ ይሄን ማንም አላዘዘም። ግን ሰፈር ተሰብስቦ ኢንሱሊን አያመጣም፣ ሰፈር ተሰብስቦ መድፍ አያቆምም። ለዛ ትልቅ ነገር ያስፈልጋል፣ ትልቁ ነገር ደግሞ ትልቅ ስልጣን ይዞ ይመጣል።

አንዳንዱ ቤልጂየምን ያነሳብኛል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 እና 11 ለ541 ቀን አዲስ መንግስት ሳይመሠርቱ ኖረው የለ ይላል። አዎ ኖሩ፣ ግን የድሮው ካቢኔ በሞግዚትነት ሥራ ላይ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ይፈርድ ነበር፣ ሠራተኛው ደሞዙ ይገባለት ነበር። ሥራው በሰው ሳይሆን በተቋም ሲያዝ አለቃው ቢዘገይም አገር አይቆምም፣ እኛ ጋ ግን የወረዳ ኃላፊ ስብሰባ ከሄደ አንዲት ማህተም ለማስመታት ሳምንት ትጠብቃለህ።

ቅሬ ውስጥ ዓይን ለዓይን በመተያየት የሚሠራውን ቁጥጥር ሚሊዮን ሕዝብ ላይ ስታመጣው በእጅ መሥራት አለብህ፣ ኦዲት፣ ፍርድ ቤት፣ ጋዜጣ፣ ምርጫ የሚባሉት ለዚህ ነው የተፈጠሩት። አሰልቺ ናቸው፣ አውቃለሁ።

በአንድ ሰው ፋንታ ኮሚቴ ቢመራስ?

ደርግ እኮ ሲጀምር ኮሚቴ ነበር! ከየጦር ክፍሉ ተወክለው የመጡ ከመቶ በላይ ሰዎች። ኅዳር 14 ቀን 1967 አማን አንዶምና ወደ 60 የሚጠጉ ባለስልጣናት አለቁ፣ ጥር 1969 ሊቀመንበሩ ተፈሪ በንቲ፣ በ1970 ምክትል ሊቀመንበሩ አጥናፉ አባተ ተገደሉ፣ ከዛ ኮሚቴው አንድ ሰው ሆነ፣ መንግሥቱ። ስዊዘርላንድ ደግሞ 7 ሰዎች በእኩል ይመሯታል፣ ፕሬዝዳንትነቱ በየዓመቱ ይዞራል፣ አንዱ ሌላውን አልበላውም። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ አይደለም፣ የስዊዞቹን ሰባቱንም ከውጭ የሚይዛቸው ፓርላማና ሕዝበ ውሳኔ አለ፣ ደርግን ከውጭ የሚይዘው ምንም አልነበረም።

ሴት ብትመራስ?

ወሎ ይሄን ድሮ ሞክራዋለች፣ ወርቂትና መስተዋት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጦር እየመሩ ገዝተዋል፣ እርስ በርስም ተፎካክረዋል። ወንበሩ ያው ወንበር ነው። ትምራ፣ ግን የተለየ ተአምር አትጠብቁ።

ስልጣን ከፈጣሪ ነው የሚባለውስ? እኛ ምን አገባን?

ይቺን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው የሚላት፣ ስለዚህ ለሁለቱም ልመልስ። እስራኤሎች ንጉሥ እንፈልጋለን ሲሉ ሳሙኤል የመለሰላቸውን አንብቡ፣ ልጆቻችሁን ለጦሩ ይወስዳል፣ እርሻችሁን ወስዶ ለሹሞቹ ይሰጣል፣ ከእህላችሁ አሥራት ይወስዳል አላቸው፣ እነሱ ግን አልሰሙትም። ዳዊትንም የተቀባ ንጉሥ ነው ብሎ ነቢዩ ናታን አልተወውም፣ ጥፋቱን ፊት ለፊት ነው የነገረው። አቡበክርም ኸሊፋ የሆኑ ጊዜ ባደረጉት ንግግር ከተሳሳትኩ አቅኑኝ ነው ያሉት፣ ዑመርም የለበሱትን ጨርቅ ከየት አመጣኸው ተብለው በሰው መሃል ተጠይቀዋል ይባላል፣ መልስም ሰጥተዋል። እነሱ ከተጠየቁ የኛ ክፍለ ከተማ ኃላፊ ምን ስለሆነ ነው የማይጠየቀው።

በፈቃዱ የወረደ መሪ አለ?

አለ ግን ትንሽ ነው። ማንዴላ 1 ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999) መርቶ ሄደ፣ የታንዛኒያው ኔሬሬም እ.ኤ.አ. በ1985 ለቀቀ፣ እሱም ከ20 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው እንጂ። በፈቃድ ከመጠበቅ ቀን መቁረጥ ይሻላል፣ የገዳ ሥርዓት ይሄን ድሮ ነው የጨረሰው፣ 8 ዓመት፣ ከዛ ለቀጣዩ ማስረከብ ነው። የኛ ሕገ መንግሥት ላይ ደግሞ ገራሚ ነገር አለ፣ ብዙም ስልጣን የሌለው ፕሬዝዳንት ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም ይላል፣ ስልጣኑ በሙሉ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን የዘመን ገደብ የለውም። ማን እንደዛ እንዳሰበው እንጃ።

ጥሩ ሰው ብናገኝ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ነበር

ዘርዓ ያዕቆብንና ቴዎድሮስን ተመልሳችሁ አንብቡ።

እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ምን ማድረግ እችላለሁ?

አራት ኪሎን አሁኑኑ አታስተካክሉም፣ እሱን ተውት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግስት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ሕዝብ በወኪሉ ላይ እምነት ካጣ ሊያወርደው ይችላል ይላል፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ በቁጥሩ ጥቀሱት፣ ሰብሳቢው ትንሽ ይደነግጣል።

ዋናው ግን የራሳችሁ ሳጥን ነው። ቅሬ፣ የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ፣ የመስጊድ ወይ የቤተክርስቲያን ማሠሪያ ኮሚቴ፣ ኮንዶሚኒየም ማኅበር፣ ሁላችንም የሆነ ቦታ አባል ነን፣ እና እዛ ሂሳብ ይነበብ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስም ይወጣለታል፣ "ነገረኛ" ይባላል። ብቻችሁን አትጠይቁ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ጠይቁ። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። ሊቀመንበሩ ጥሩ ሰው ቢሆንም፣ በተለይ ጥሩ ሰው ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው አመስግናችሁ ቀይሩት፣ ቂም ሳይያዝ። ገንዘብ ያዡና ሂሳብ መርማሪው የአንድ ቤት ሰዎች ከሆኑ ደግሞ አንዱ ይለወጥ፣ ቡና ላይ ተወርቶ እንዳይቀር ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩት፣ ኮፒውንም ሌላ ሰው ይያዘው።